ቤት ለእንግዳ

ቡሬ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም በኩል የሚመጣው መንገድ እዚያ ደርሶ ይከፈላል፤ አንዱ በጥሊሊና በእንጅባራ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር ይወጣል፣ ሌላው ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ወርዶ ወንዙን ተሻግሮ ነቀምት ይገባል። መኪና ሳይመጣም የነጋዴ መንገድ ነበረች፤ በቅሎና አህያ ጭነው ከዓባይ ማዶ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ያርፉባት ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ መሽቶበት የሚቀር ሰው አያጣም። ያ ሰው ድሮ ሌሊቱን የት ያድር እንደ ነበረ፣ ዛሬስ የት እንደሚያድር ሳስብ ብዙ ነገር ትዝ ይለኛል።

ያደግሁት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ገጠር፣ በአያቴ ቤት ነው። ክብ የሣር ቤት፣ ዙሪያውን መደብ፣ ጥግ ላይ ጎታ፣ መሐል ላይ ምድጃ። ፀሐይ ጥልቅ ስትል ከአጥሩ ውጭ «ቤት ለእንግዳ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። አያቴ የያዘችውን ትታ ብድግ ትልና «ቤት የእግዜር ነው፤ ግቡ!» ትላለች። ውሻው ይያዛል፣ እንግዳው ይገባል። ማን ነህ፣ ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ የሚባለው ራቱን ከበላ በኋላ ነው። ሳይበላ መጠየቅ ነውር ነበር። መልሱ ደስ የማያሰኝ ቢሆን እንኳ የተበላውን መልሶ መንሣት አይቻልማ!

የእኔ ሥራ እግር ማጠብ ነበር። ውሃው በምድጃው ዳር ለብ እንዲል ይደረግና በገበቴ ይቀርባል። የመንገደኛ እግር ብዙ ይናገራል፤ ተረከዙ የተሰነጠቀ፣ እሾህ የወጋው፣ ጭቃው በጣቶቹ መሐል የደረቀ። ጣቶቹን አንድ በአንድ እያላቀቅሁ አሽቼ አጥባለሁ፣ ስጨርስ ጎንበስ ብዬ እግሩን እስማለሁ። «እደግ፣ ተመንደግ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ» ብሎ ይመርቀኛል። ለዚያ ምርቃት ስል ከታላቅ ወንድሜ ጋር ገበቴ እንሻማ ነበር። ለመኝታው ቁርበት ይነጠፍለታል፣ አጎዛ ይጨመርለታል፤ ውርጩ የጠና እንደ ሆነ አያቴ የራሷን ጋቢ አውልቃ ታለብሰዋለች።

የሚመጣው ሰው ዓይነቱ ብዙ ነበር። ከገበያ የዘገየ ነጋዴ፣ አህያ ጠፍቶበት የሚፈልግ፣ ወደ ግሽ ዓባይ ጸበል የሚሄድ በሽተኛ ከነአስታማሚው። በተለይ ለጥር 13፣ ለአቡነ ዘርዐ ብሩክ በዓል፣ መንገደኛው ይበዛል። ሁሉም ደግ አልነበረም። አንድ ጊዜ ያደረ ሰው ጎህ ሳይቀድ የአያቴን ጋቢ ይዞ ሄደ። ጎረቤቶች እንግዲህ በርሽን ዝጊ ብለው መከሯት። «የሰረቀኝ ሰውዬው ነው፣ እግዜር አይደለም» አለቻቸው፤ በማግሥቱ ማታ ለመጣው ደግሞ ከፈተች።

የቆሎ ተማሪዎቹን መርሳት አልችልም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ የተባሉትን ጉባኤ ቤቶች ስም ሰምቶ ከትግራይም፣ ከሸዋም፣ ከወሎም ልጅ በእግሩ ይመጣል። አኩፋዳውን በትከሻው አንግቶ፣ ለምዱን ደርቦ፣ ዱላውን ለውሻ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ይቆማል። እናቶች የእነሱን ልጅ ሌላ አገር ሌላዋ እናት እንድታጎርስላቸው ብለው ቁራሹን ይሰጣሉ። ሌሊቱን ግን ተማሪው በደብሩ ዙሪያ ራሱ በሠራት ጎጆ ነው የሚያድረው። የኔታ ለአዲስ መጪ ልጅ መጀመሪያ የሚያሳዩት የትምህርቱን መጽሐፍ ሳይሆን ጎጆ የሚቀልስበትን ቦታ ነበር። ይህን አስታውሱልኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ከደጇ ለመጣ ድሃ ልጅ የመኖሪያ መሬት ትሰጥ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. እንግዳው በዛ። በወሎና በትግራይ ረሃቡ ሰው ፈጀ። በእኛ በኩል እህል ስላልጠፋ በእግሩ መድረስ የቻለ ሁሉ ወደ ጎጃም ዘለቀ፤ መንግሥትም በበኩሉ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩትን እያጋዘ ያን ጊዜ የጎጃም ክፍል በነበረው በመተከል፣ በጣና በለስ ሸለቆ ያሰፍር ነበር። ከሰፈራው ጠፍተው አገራቸው ለመመለስ የሚንከራተቱም በእኛ መንደር አለፉ። አንድ ምሽት ከአጥሩ ውጭ ድምፅ ሳይሰማ ውሻው ብቻ ጮኸ። ወጥተን ስናይ አንዲት እናት እኔን የምታህል ልጅ ይዛ ቆማለች። ለመጣራት አቅም አልነበራትም።

የልጅቱን እግር ያጠብሁት እኔ ነኝ። ሥጋ አልነበረውም፤ ስይዘው የሚሰበር መስሎኝ ፈራሁ። አያቴ እንጀራ ከልክላቸው ቀጭን የገብስ አጥሚት በትንሽ በትንሹ ሰጠቻቸው። በረሃብ ለከረመ ሆድ ድንገት የበዛ ምግብ እንደሚገድል ታውቅ ነበር፤ ከማን እንደ ተማረችው አልነገረችኝም፣ ግን እሷም በዕድሜዋ ክፉ ቀን አይታ ነበር። እናትና ልጅ ክረምቱን ከእኛ ጋር ከረሙ። ሲበረቱ ሴትዮዋ ዳጉሳ ታርም፣ ጥጥ ትፈትል ጀመር። ከመስቀል በኋላ «አገራችን ዘንቧል አሉ፣ እሜቴ፤ ልሂድ» አለች። አያቴ ስንቅ ቋጠረችላት፣ ልጅቱን ጉንጯን ስማ ሸኘቻቸው። ከዚያ ወዲያ የሰማነው ወሬ የለም።

ያ ሁሉ ሲሆን አያቴ ምጽዋት የሰጠች አይመስላትም ነበር። ምጽዋት የምትለው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የምትጥለውን ሳንቲምና ቁራሽ ነው። ሰው ማሳደር ግን የቤት ሥርዐት ነው፤ እሳት እንደ ማዳፈን፣ ከብት እንደ ማሰር።

ለትምህርት ቡሬ ከተማ ስገባ ያ ሥርዐት ቀርቶ አገኘሁት። ክፋት አልነበረም ምክንያቱ። ከተማው ኪራይ ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሆኖ የሚያድር ቤተሰብ ስድስተኛ የት ያስተኛል? በዚያ ላይ ዘመኑ የደርግ ነበር። ቤትህ እንግዳ ካደረ ለቀበሌ ማስመዝገብ አለብህ። የማታውቀውን መንገደኛ ከየት አምጥተህ በማን ስም ታስመዘግበዋለህ? ሰው ፈራ። ፍርሃቱ ደግሞ መንግሥት ሲለወጥ አብሮ አልሄደም፤ እንግዳ ማለት ሌባ፣ እንግዳ ማለት ሰላይ የሚለው ጥርጣሬ በልባችን ቀረ። የመሸበት ሰው እየተገፋ እየተገፋ በመጨረሻ ወደ አንድ ቦታ ሄደ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ።

ደጃፉ የራሱ አቆጣጠር አለው። በወር በወር 5 አቦ፣ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 24 ተክለ ሃይማኖት፣ 27 መድኃኔ ዓለም፣ 29 ባለ ወልድ። የኔ ቢጤዎቹ ይህን ከካህናቱ እኩል ያውቁታል፤ የትኛው ቀን የትኛው ደብር ማኅበርተኛ እንደሚበዛ፣ የማን ተዝካር መቼ እንደሚወጣ፣ የማን ልጅ ክርስትና እንደሚነሣ ሳይጽፉ ይይዙታል። እሑድ የሰንበቴ ነው። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ባለ ተራው ዳቦውንና ጠላውን ሰንበቴ ቤት ያቀርባል፣ ካህኑ ይባርካል፣ ጸበል ጻዲቁ ሲታደል የነዳያን ድርሻ ሳይወጣ ማንም አይቀምስም። በየካቲት 16 የሚሰበከው የበላዔ ሰብእ ታሪክም ሁሉን ያነቃቃል። ያን ያህል ነፍስ ያጠፋ ሰው በእመቤታችን ስም ለቁስለኛ በሰጠው ጥርኝ ውሃ ዳነ ሲባል ሰምቶ በባዶ እጁ የሚወጣ ክርስቲያን የለም። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ድሆቹ ወደ መስጊዱ በር ይሄዳሉ። ክርስቲያኑም እስላሙም ሰደቃውን ይቀበላል፤ ሰጪውም አይለይም።

በዚህ ሥርዐት ቡሬ ላይ በረሃብ የሚሞት ሰው አላየሁም። ይህን በኩራት ነው የምናገረው። ማንም የውጭ ድርጅት ሳይመጣ፣ በጀት ሳይመደብ፣ ተራ ገበሬና ጠላ ጠማቂ ተራ ገብተው አንድ ከተማ ሙሉ ድሃ ያበላሉ። ሥርዐቱ ግን ቀዳዳ አለው። ሰዎቹ የሚበሉት ቀን ነው። ሲመሽ የደጁ በር ይዘጋል፤ ምእመኑ ቤቱ ይገባል፤ ነዳያኑ እዚያው ቅጥሩ ሥር ይቀራሉ።

ከነዚህ መሐል አንዲት አሮጊት ነበሩ። ስማቸውን አልጽፈውም፤ እኛ ልጆቹ እማማ ብቻ ነበር የምንላቸው። ጠላ እየጠመቁ ብቻቸውን ያሳደጉት ልጃቸው በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ሄደ፣ አልተመለሰም። የሞት ወረቀትም አልመጣም። ኪራይ መክፈል ሲያቅታቸው ድስታቸውንና ጋናቸውን ሸጠው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገቡ፤ አንድ ባለጸጋ ለቤተሰቡ ባሠራው መቃብር ቤት ውስጥ ያድሩ ጀመር። በር የለውም፣ ጣሪያው ግን ቆርቆሮ ነው። ከዘበኛው በቀር ማንም ተቆጥቶ አላስወጣቸውም። ማንም ደግሞ ነይ ቤቴ ግቢ አላላቸውም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ አንዳንድ ቀን አጠገባቸው እቀመጥ ነበር። የሚበሉት አላጡም፤ እንዲያውም ከበዓል የተረፈውን እንጀራ በፀሐይ እያደረቁ ድርቆሽ ያደርጉና ለሌሎቹ ያካፍላሉ። የሚናገሩት ስለ ሌሊቱ ነው። «ቀኑስ ያልፋል፣ ልጄ። ሌሊቱ ነው ያልገፋ» ይሉኝ ነበር። ሌሊት ጅብ ከግቢው ጥግ ይመጣል። ሌሊት የሰከረ ሰው ይመጣል። ሌሊት ሽንት ሲመጣ በጨለማ ወጥቶ በመቃብር መሐል መሄድ አለ፤ ጉልበት ለሌለው ሰው ያ ከረሃብ ይብሳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ የቡሬ ዝናብ ከላይ ብቻ አይደለም የሚመጣው፣ በጎንም ይገባል፣ ከሥርም ይመነጫል። ልብሳቸው ከሰኔ እስከ መስከረም ደርቆ አያውቅም።

በሐምሌ ሞቱ። ደረታቸውን ሲያማቸው ነበር የከረመው። ከተማው ወጣላቸው፤ ከፈን ተገዛ፣ የሠፈሩ ዕድር መዋጮ ሳያወጡ የኖሩ መሆናቸውን ሳይቆጥር ድንኳኑን ተከለላቸው፣ ካህናቱ ያለ ክፍያ ፈቱላቸው። በድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ንፍሮ ስበላ አንድ ነገር በውስጤ ገባ፣ እስከ ዛሬም አልወጣም። ያ ድንኳን ከአንድ ሳምንት በፊት ተተክሎላቸው ቢሆን እማማ ደረቅ ቦታ ያድሩ ነበር። ለሞተ የምናደርገውን ያህል ለታመመ የማናደርገው ለምንድን ነው? ልጅ ሆኜ የጠየቅሁት ጥያቄ ነው፤ አድጌም የተሻለ ጥያቄ አላገኘሁም።

ቤተ ክርስቲያንን ለመክሰስ አይደለም ይህን የማነሣው። ድሮ የአረጋውያን መጦሪያችን እሷ ነበረች። ባል የሞተባት ሴት ልጆቿን ከዳረች በኋላ ቆብ ትደፋና በደብሩ ዙሪያ ጎጆ ቀልሳ ትገባለች፤ መሬቷን ለልጅ ወይም ለደብሩ ትሰጣለች፣ እሷ ደግሞ እስክትሞት ትጦራለች። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን አብያተ ክርስቲያናትም መሬታቸውን አጡ። ለአራሹ ገበሬ ተገቢው ፍርድ ነበር፣ አባቴም ከተጠቀሙት አንዱ ነው። ከዚያ መሬት ላይ ይጦር ለነበረው አቅመ ቢስ ግን ምትክ የሚሆን ነገር ማንም አላሰበለትም። በኋላ ከተማው ሲያድግ የመነኮሳይቱና የተማሪዎቹ ጎጆዎች እየፈረሱ በቦታው የግንብ አጥር መጣ፣ በአጥሩም ዙሪያ የሚከራዩ ሱቆች መጡ። ሱቆቹ የካህናቱን ደመወዝ ይከፍላሉ፤ አስፈላጊ ናቸው። ጎጆዎቹም አስፈላጊ ነበሩ።

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ በስድስት ኪሎ በኩል በእግሬ ስመላለስ አንድ ግቢ በር ላይ ሁልጊዜ ሰው ተኝቶ አይ ነበር። የማዘር ትሬዛ እህቶች ቤት ነው። በ1965 ዓ.ም. ነበር፣ ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እኒያ ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጭ ነጠላ የሚለብሱ መነኮሳይት ወደ ኢትዮጵያ የመጡት። አንድ ቀን ከሰው ጋር ገባሁ። አንዲት ሕንዳዊት እህት ጎንበስ ብላ የአንድ ሽማግሌ እግር በለብ ያለ ውሃ ታጥባለች። ሽማግሌው ማተብ አስረዋል፣ በአነጋገራቸው የእኛ አገር ሰው ናቸው። እሷ ካቶሊክ ናት፣ እሳቸው ተዋሕዶ ናቸው፤ ቋንቋም አይግባቡም። ስትጨርስ ግን ሽማግሌው መረቋት። የምርቃቱን ቃል ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቆሜ ማየት አልቻልሁም፣ ወጣሁ።

ስለ ማዘር ትሬዛ የሚነገር አንድ ነገር አለ። ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ አዲስ አበባ መጥቶ አግኝቷት ነበር፤ በመንገድ ላይ ያየቻቸውን ባዶ ትልልቅ ቤቶች ለሙት ልጆች ማሳደጊያ ስጡኝ ብላ ባለሥልጣኑን ሰው ፊት እንደ ጠየቀች ይተርካል። ገንዘብ አይደለም የጠየቀችው። የተዘጋ ቤት ነው።

ከእኛ ሰዎችም እንዲህ ያሰቡ አሉ። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው በወሎ መንገድ ላይ በረሃብ የወደቀውን ሰው አዩ፤ ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ሌሎች ተከተሉ፤ ትዳራቸውንም እስከ ማጣት ደርሰው በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች አሳደጉ። ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. መቄዶንያ የሚባለውን መጦሪያ ሲጀምር መነሻው የወላጆቹ ቤት ነበር፤ ከመንገድ ያነሣቸውን ጥቂት አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ይዞ። ዛሬ መቄዶንያ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ይጦራል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን መፈክሩን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ለሚያሠራው ሕንፃ በቀጥታ ሥርጭት እርዳታ ሲጠየቅ ሕዝቡ በጥቂት ቀናት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር አዋጣ።

መቄዶንያን ሄጄ አይቼዋለሁ። ከጎዳና የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚደረግለት ምግብ መስጠት አይደለም። ይታጠባል። ፀጉሩ ይላጫል፣ ቅማሉ ይራገፋል፣ የተጣበቀው ልብስ ይወልቃል፣ ቁስሉ ይታያል፤ ከዚያ ንጹሕ ልብስ ለብሶ አልጋ ይሰጠዋል። ብዙዎቹ ሽንታቸውን መቆጣጠር ስለማይችሉ ከእህልና ከዘይት እኩል ዳይፐር ይለመናል። አጣቢዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ከእነሱም ውስጥ ራሳቸው ከጎዳና ተነሥተው የዳኑ አሉ። ሠርጉን፣ ልደቱን፣ የአባቱን ተዝካር እዚያ የሚያወጣ ሰው ብዙ ነው። የቡሬው ሰንበቴና ማኅበር እዚያ ግቢ ውስጥ ሥራውን ሲሠራ አየሁት፤ ልዩነቱ የበላው ሰው ሲመሽ አልጋ ያለው መሆኑ ነው።

እዚያው አዲስ አበባ ውስጥ ለአእምሮ ሕሙማን የተቋቋመ ጌርጌሴኖን የሚባል ማኅበር አለ። ስሙ ከወንጌል ነው፤ በጌርጌሴኖን አገር በመቃብሮች መሐል ይኖር ስለ ነበረው፣ በሰንሰለት ሲያስሩት ሰንሰለቱን ይበጥስ ስለ ነበረው ሰው። ወንጌሉ ያ ሰው ከዳነ በኋላ ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶ ተቀምጦ እንዳገኙት ይናገራል። እማማ በመቃብር ቤት ሲያድሩ ይህ ንባብ በየዓመቱ ከመቅደሱ ይነበብ ነበር።

ቡሬ ዛሬ እኔ የማውቃት ከተማ አይደለችም። የተቀናጀው አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቷል፤ በ2013 ዓ.ም. ፊቤላ የሚባለው ትልቅ የዘይት ፋብሪካ ተመርቋል። በርበሬውና በቆሎው ድሮም ስም ነበረው። ፋብሪካ ሲመጣ ሥራ ፈላጊ ይመጣል፤ መሬት የማይደርሰው የገበሬ ልጅ ፌስታሉን ይዞ ከየገጠሩ ይጎርፋል። ከዓባይ ማዶ ከወለጋ የተፈናቀለም በዚያው በነቀምቱ መንገድ መጥቷል፤ ቤት ንብረት የነበረው፣ እንግዳ ሲያሳድር የኖረ ገበሬ ነው። መናኸሪያው ዙሪያና በሱቆቹ በረንዳ ላይ ማዳበሪያ ለብሶ የሚተኛው ይህ ሰው ነው። ሌሊት በዚያ ሳልፍ የማየው እግር ነው፤ ማዳበሪያው አጥሮ እግሩ ውጭ ይቀራል።

የምናውቀው ነገር እኮ ነው! ማቴዎስ በወንጌሉ በፍርድ ቀን የሚጠየቁትን ነገሮች ሲዘረዝር መብልና መጠጥ አሉበት፣ ማሳደርም አለበት፣ ማልበስም አለበት፣ በሽተኛ መጠየቅም አለበት። እኛ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በደንብ ይዘን ሦስተኛው ላይ ቆመናል። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ የወይራና የወይን ቅጠል ይዞ እግራችንን ሲያጥብ ተሰልፈን እንቆማለን፤ የዚያኑ ሌሊት ከግቢው ውጭ የሚያድረውን ሰው እግር ማን ያጥባል?

እንግዲህ የቡሬ ሰዎች፣ የፍኖተ ሰላምም፣ የጥሊሊም፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። አዲስ ሕንፃ አልለምንም። በየደብሩ ሰንበቴ ቤት አለ፤ እሑድ ይሞላል፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሌሊት ተቆልፎ ያድራል። የየዕድሩ ድንኳን፣ ወንበርና ምንጣፍ ሐዘን እስኪመጣ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። ሰበካ ጉባኤዎች፣ የመስጊድ ኮሚቴዎችና የዕድር ዳኞች አንድ ቀን ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ ምንጣፍና ብርድ ልብስ፣ የሚሞቅ ውሃ፣ የሚያገለግል ሽንት ቤት፣ ሌሊት የሚጠብቅ ሰው፣ ለሴቶችና ለሕፃናት የተለየ ክፍል ከሴት ጠባቂ ጋር። ቀበሌውና ፖሊስ ያውቁት፤ ማን እንዳደረ ይመዝገብ፣ ያን ጊዜ የሚፈራ አይኖርም። የታመመውን ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ወጣት ሰንበት ትምህርት ቤቱ አያጣም። ማኅበርተኛው ዳቦውን ድሮም ያመጣል፤ ተራውን ወደ ማታ ማዞር ብቻ ነው።

በአዲስ አበባም በውጭ አገርም ያላችሁ የቡሬ ልጆች ለጉልላትና ለደወል ስትልኩ እንደ ኖራችሁ አውቃለሁ። ዘንድሮ ለብርድ ልብስ ላኩ።

ክረምቱ ሰኔ ላይ ይገባል። ከግንቦት በፊት አንድ ሰንበቴ ቤት፣ አንድ ብቻ፣ ማታ ማታ ይከፈት።